የቤዚ የሊጥ አበባ

ይድረስ ባቱ ላለሽው እህቴ ለዘመናይ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አዳማ ደህና ነን።

ልጅሽ ቤዚ ለእንቁጣጣሽ አበባ እንሥራ ብላኝ፣ ዱቄት በጨውና በዘይት አቡክቼ በእርድ ቢጫ አደረግሁላት። እጇን እስከ ክንዷ ነክራ ስትጨምቀው፣ ስትደበድበው ዋለች። ትልቁን አበባ ሳነሳ፣ «አትንኪው፣ የእማዬ ነው!» ብላ ቀማችኝ።

«የእኔስ?» ብላት ፍርፋሪውን ሰጠችኝ። ጡት ከተወች ጀምሮ አቅፌያት የማድረው እኔ!

ቤት ተከራይቼ ልወስዳት ነው ማለትሽ አስደስቶኛል። ግን የባቱ ትንኝ ለሕፃን አይሆንም ይላሉ፤ እዚህም መዋዕለ ሕፃናት አስመዝግቤያታለሁ። ስለዚህ አትቸኩይ። አበባውንም መንገድ ላይ እንዳይሰበር ብዬ እኔው ጋ አስቀምጬዋለሁ።

አዲሱ ዓመት ጤና ይዞልሽ ይግባ።

እህትሽ ፍሬሕይወት