ሰው የማይገባበት ቦይ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ስፌት ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ እየዋልኩ ይቆረጥመኛል ብለሽ ለእማዬ በስልክ ስትነግሪያት ሰምቼ ነበር። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ወገቧን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ አንድ ጆሮዋ ብቻ ነጭ ነው። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። ሒሳብ እንደ ድሮው ነው፣ አትጠይቂኝ። አባባም ደህና ነው። ስለ እሱ እንዳልጽፍልሽ ባለፈው ነግረሽኛል። ዛሬ ግን ይቅርታ አድርጊልኝና ስለ እሱም እጽፋለሁ። ሳትጨርሺው አጣጥፈሽ እንዳታስቀምጪው። አንድ የምነግርሽ ነገር አለ፤ ግን መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ልንገርሽ፤ አለዚያ ድፍረቱ አይመጣልኝም።

ወንድማችን ጋሽዬ ከላይኛው ረግረግ ውሃውን ወደ ቤት ሊያወርድበት የጀመረውን ቦይ መቼም አትረሺውም። መሃል ላይ ያለው ጉብታ ጋ ሲደርስ ከሰው ቁመት በላይ መቆፈር ነበረበት፤ ውሃ ሽቅብ አይሄድማ። ግድግዳው የተናደበት እዚያ ነው። ከቀብሩ መልስ አንቺ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «በየቀኑ ቆፍር ቆፍር እያልክ ገደልከው!» ስትዪው አባባ ቀና ብሎም አላየሽ። በማግስቱ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ፤ ይኸው ከመጣሽ ዓመት ሆነሽ። እሱም ከዚያ ወዲህ ቦዩ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ዶማውንና ድጅኖውን ጣሪያው ሥር ሰቅሎ በሽቦ አሰራቸው። ድንች ለማውጣት እንኳ የጎረቤት ዶማ ነው የምንዋሰው።

ባለፈው ወር እማዬ ጀሪካን ተሸክማ ስትመለስ አንሸራተታትና ወደቀች። ብዙም አልተጎዳችም፤ «ተቀምጬ ላርፍ ብዬ ነው» ብላ ሳቀች። አባባ ግን አልሳቀም። ጭቃውን ከቀሚሷ ላይ በእጁ ሲያራግፍላት ቆየና እራት ላይ እኔን ጠራኝ። «ሰው ሳይገባበት የሚቆፍር ነገር ካለ ፈልገህ አምጣ። ከሌለ ዝናቡ ሳይገባ ቦዩን እደፍነዋለሁ» አለኝ። «እኔ?» ስለው «አንተ ነሃ! ትምህርት ቤት ምን ልትሠራ ነው የምትመላለሰው?» አለኝ። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

ቅዳሜ ጋሽዬ ስለ ቦዩ የጻፈበትን ደብተር ይዤ የእርሻ መሣሪያ የሚያከራዩት ሰዎች ጋ ሄድኩ። እትዬ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ብታዪው! ብረት ሁሉ ጥርስና ጥፍር አውጥቶ ተኮልኩሎ ቆሟል። አከራዩ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ቀጭን ሰውዬ ነው። መጀመሪያ መሬት መብሻ የሚባል ባለ ሞተር ጠመዝማዛ ብረት አሳየኝ፤ ለአጥር ምሰሶ የሚሆን ነው። «ሁለት ሰው ይይዘዋል። ሁለት ቀን ከሠራህበት በሦስተኛው ቀን ሻይ አትጠጣም፤ ብርጭቆው እጅህ ላይ ይደንሳል» አለኝ። ቀጥሎ እንደ መጋዝ ጥርስ ባለው ሰንሰለት መሬቱን እየሰነጠቀ የሚሄድ አሳየኝ። እሱ ለቱቦ ጥሩ ነው፤ ግን ከአንድ ሜትር በላይ አይወርድም፤ የቀረውን ሰው ገብቶ በአካፋ ማውጣት አለበት። መጨረሻ ላይ በሰንሰለት እግር የምትሄድ፣ ቢጫ፣ ከላማችን ብዙም የማትበልጥ ኤክስካቫተር የምትባል መቆፈሪያ ጋ ወሰደኝ። ከጎኗ ትልቁ ዓይነትም ቆሟል።

እኔ እያንዳንዱ ጋ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሰው ውስጥ ይገባል?» እላለሁ። በሦስተኛው ሰውዬው እርሳሱን ከጆሮው አወረደና «ስማ ልጄ፣ ሌላው ሰው ስንት የፈረስ ጉልበት አላት፣ ስንት ነዳጅ ትጠጣለች ይለኛል። አንተ ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «ይቺ ዳር ቆማ ነው የምትቆፍረው። ማንም አይገባም» አለኝና «ለመሆኑ ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ደብተሩን ገለጥኩት። በጋሽዬ በዚያ በተጋደመ ጽሕፈት «ጉብታው ላይ፦ አንድ እኔና አንድ ክንድ» ይላል። ሜትር አልነበረንማ፤ ሁሉንም የለካው በራሱ ነው። እንዳለ አነበብኩለት። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «‹እኔ› የሚለው ማነው? ይምጣና እንለካዋ!» አለኝ።

ደብተሩን አጠፍኩት።

«አንተ ነህ እንዴ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ለምን አዎ እንዳልኩ አላውቅም፤ የለም ማለት ከበደኝ መሰለኝ። የበሩ መቃን ላይ አስደግፎ ለካኝ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ዘጠኝ። ክንዴ ሲጨመር ሁለት ሜትር ከአስራ አምስት ሆነ። «ትንሿ ሁለት ከሃያ ትወርዳለች፤ ተገላገልክ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

አባባ ጥጃዋን እያሰረ ነበር። ነገርኩት። «ስንት ነው ያልከው?» አለኝ። ደገምኩለት። ገመዱን ሳይለቅ «አንድ ከሰማንያ አራት» አለ። እትዬ፣ አባባን ታውቂዋለሽ፤ ማሳውን እንኳ በእርምጃ ነው የሚናገረው። ሴንቲሜትር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ወንድምህ አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት ነው። ክንዱም ካንተ ይረዝማል። ትንሿ አትደርስም፤ ትልቁን አምጣ» አለኝ። እንዴት አወቅህ ልለው አፌን ከፈትኩና ትዝ አለኝ። ለሳጥኑ አናጺው ጋ ሄዶ ልኩን የሰጠው እሱ ነበር።

«ትልቁ በግቢው በር አይገባም» አልኩት። «በሩን የሠራሁት እኔ አይደለሁ?» አለ። በነጋታው ስንነሳ ያንን ስንት ጊዜ ደክሞ የካበውን የድንጋይ ዓምድ በመዶሻ እያፈረሰው ነበር። እማዬ «ሰውዬ፣ ላሟ በዚያ ወጥታ ስትጠፋ ከማን ልትወራረድ ነው?» ብላ ጮኸችበት። «እሰሪያታ!» አላት። «አንተንስ ማን ይሰርህ?» አለችው። ሲያፈርስም ሲጨቃጨቁም ደስ ይል ነበር። ከዓመት በኋላ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ተሰማ።

ያን ዕለት ከሰዓት እኔና አባባ መሬቱን በውሃ ልክ አየነው። ያ ጋሽዬ ይሠራበት የነበረው ረጅም ነጭ ላስቲክ ነው። ውሃ ትሞዪውና አንዱ ጫፉን ላይ፣ ሌላው ታች ይይዛል። በመካከላችን ስልሳ እርምጃ አለ፣ ጉብታም አለ፣ እንተያያለን እንጂ አንሰማማም። ግን እሱ ጋ ያለው ውሃና እኔ ጋ ያለው ውሃ እኩል እስኪሆኑ ይወዛወዙና ጸጥ ይላሉ። ፊዚክስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ ለፈተናም አጥንቼዋለሁ። እንዲህ የሚገርም ነገር መሆኑን ግን ያወቅሁት አባባ ከዚያ ማዶ ላስቲኩን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ልጅ ሲያየው ነው።

ማሽኑ ሰኞ መጣ። (ትምህርት ቤት ሆዴን አሞኝ ነው ብያለሁ፤ አትናገሪብኝ።) ከውስጡ የወረደችው አጭር፣ ጠና ያለች፣ ወንበሯ ላይ ትራስ የምታነጥፍ ሴት ናት። ሁላችንም ሌላ ሰው ይወርዳል ብለን ከኋላዋ ስናይ «ወንዱን ከሆነ የምትጠብቁት ታሟል። እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለችን። ከዚያ በመዛቂያው ጥርስ መሬቱ ላይ ረጅም መስመር አሰመረችና «ከዚህ ያለፈ ሰው ካየሁ ሞተሬን አጥፍቼ እሄዳለሁ። አባትም ቢሆኑ!» አለች። አባባ መስመሩን አየና፣ ዓመቱን ሙሉ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ የለቀቀ መሰለኝ።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ? የእማዬ ባልዲ መንገድ ላይ ነበር፤ ግማሽ ውሃ አለበት። ላነሳው ልሮጥ ስል ሴትዮዋ በማሽኑ ጥሩምባ ከለከለችኝ። ያ የቤታችንን ጣሪያ የሚደረምስ ብረት ክንድ ዝቅ አለ፣ በአንዱ ጥርሱ የባልዲውን ማንጠልጠያ ፈልጎ አገኘ፣ አነሳው፣ አጥሩ ጥግ አስቀመጠው። ጠብታ አልፈሰሰም። እማዬ «ኧረ እኔ በእጄም እንዲህ አላስቀምጥ!» አለች።

መሬቱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ነው። ላዩ ጥቁር ነው፣ የሥር ፀጉር የሞላበት። ከዚያ ቀይ ይመጣል፣ ከዚያ እንደ ዱቄት የነጣ። ከዚያ በታች እንቁላል የመሰሉ ድቡልቡል ጠጠሮች ወጡ። ሴትዮዋ በመስኮት ብቅ ብላ «ድንጋይ እንዲህ የሚለሰልሰው ውሃ ሲያንከባልለው ነው። እዚህ ወንዝ ነበር» ብላ ጮኸችልን። አስቢው እስቲ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ገመድ ትዘዪበት የነበረው ቦታ ሥር ወንዝ ነበር! ማን ያውቃል መቼ፣ ማን ጠጥቶት። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባባም አንዱን ጠጠር አንስቶ በአውራ ጣቱ ሲያሸው፣ ሲያሸው ቆየ።

ጉብታው ጋ ደረስን። ሴትዮዋ ስለ ጋሽዬ አልተነገራትም ነበር፤ ግን የተናደውን አይታ ነው መሰል ቀስ አለች። ሁለት ጊዜ ዛቀች፤ ሦስተኛው ላይ አቆመች። ከአፈሩ ውስጥ የአካፋ እጀታ ይታይ ነበር። አባባ መስመሩን አንድ እርምጃ አለፈ። ሞተሩ ጠፋ። «አባቴ፣ ይመለሱ» አለችው፣ አሁን ሳትጮህ። «የልጄ ነው» አላት። አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እኔ አወጣልዎታለሁ። እርስዎ ግን ይመለሱ» አለችው። ተመለሰ።

ያን አካፋ እንዴት እንዳወጣችው እስክሞት አልረሳውም። ዙሪያውን ሁሉ በጥርሱ ጫፍ ፍርፍር፣ ፍርፍር አደረገችው። ከሥሩ ገባች፣ ከነአፈሩ አቀፈችው፣ በአየር ላይ አዞረችውና አባባ እግር ሥር ስታስቀምጠው መሬቱ እንኳ አልሰማትም። እንጨቱ አልተሰበረም። እጅ የሚይዝበት ቦታ አሁንም የለሰለሰ ነው። ግርማ ያለው ነገር፣ የሚያስፈራም፣ ደግሞ ልብ የሚያርፍበት ነገር አንድ ላይ ሲሆን ምን ይባላል? ቃሉን አላውቀውም። ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅ ነበር።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ቀጭን ቡና የመሰለ፣ ከዚያ ጥርት ያለ። ማንም ሳይገባ። እማዬ እጇን ሰዳ «ቀዝቃዛ ነው» አለች።

አሁን ልነግርሽ ያልኩትን ልንገርሽ። ጋሽዬ የሞተ ዕለት አባባ ወፍጮ ቤት ነበር። ከመሄዱ በፊት ጋሽዬን «ቦዩ ሌሊቱን ዘንቦበታል፤ ዛሬ እንዳትገባበት» ብሎት ነው የሄደው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እማዬ አንቺን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ቤት የቀረነው ሁለት ነን። ጋሽዬ ጫማውን አውልቆ ጥላ ሥር ተጋድሞ ነበር። ውሃ የመቅዳት ተራው የእኔ ነው፤ ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው፤ ከሰዓት ደግሞ የኳስ ጨዋታ ነበረኝ። ምን እንደተባባልን በወረቀት አልችለውም፤ ስትመጪ ፊት ለፊትሽ እነግርሻለሁ። ብቻ ከጥላው አስነስቼ ወደ ቦዩ የላክሁት እኔ ነኝ። ጫማውን ሲያስር እየሳቀብኝ ነበር።

አባባ ይህን ያውቃል። ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ነግሬዋለሁ። አንቺ ስትጮሂበት እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ አፌን ስከፍት እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጫን አደረገኝ። አልተናገርኩም። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ አንቺንም አልቀየመሽም።

እትዬ፣ ስትደውዪ ለእሱ ደውዪለት። ለእኔ ባትደውዪም ይገባኛል።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ እጅሽ የነካው ይሳካልሽ፤ መንገድሽን ፈጣሪ ወደ ቤት ያቅናልሽ። የግቢያችን በር እስካሁን አልተገጠመም።

ታናሽ ወንድምሽ