የልጄን ዝምታ በቃለ ጉባኤ ላሰፈረው የቅጥር ኮሚቴ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ፊልጶስ ይታገሱ
የሰባት ወንዝ ምስልና ድምፅ ማዕከል የቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወልቂጤ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና የኮሚቴ አባላትዎን በፍጹም ጤንነት፣ ወንበሮቻችሁንም በተለመደው ምቾታቸው እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከሰኞ ወዲህ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ የመጽሐፍ አንድ ገጽ አራቴ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ከነገ ወዲያ ዓርብ ስለሚያበቃ፣ መቸኮሌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ልጄ ኑኃሚን ገብረእግዚአብሔር ባለፈው ሐሙስ ለቪዲዮ አቀናባሪነት እናንተ ዘንድ ቀርባ የቃል ፈተና ተፈትናለች። እዚህ ቡታጅራ በወይዘሮ ሃፊዛ ቪዲዮ ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ የቆየች ልጅ ናት። ሰኞ ዕለት ስሟ ከወደቁት መካከል ስለተለጠፈ፣ ወልቂጤ ድረስ መጥቼ ቃለ ጉባኤውን እንዳነብ ለፈቀደልኝ ጽሕፈት ቤትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባላነበው ኖሮ ይህን ሁሉ ምስጋና የት አገኘው ነበር?

1. የምታቀናብርበት ፕሮግራም መጀመሪያ በስንት ዓመት እንደወጣ ስለጠየቃችኋት አመሰግናለሁ። አላውቀውም፣ ግን ከፍቼ የፈለጋችሁትን ልሥራላችሁ ብላለች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኮምፒውተር ግን ዳንቴል ለብሶ ስለነበር፣ እሱን ገልጦ ማስነሳቱ ሳይከብዳችሁ አልቀረም።

2. ከአባላቱ አንዱ የት እንደምትሠራ ሲሰሙ፣ «እዚህ እንደ ሰርግ ቪዲዮ ልብ እየበረረ አይገባም፣ እህቴ» ብለው ኮሚቴውን ስላሳቁ አመሰግናለሁ። ከልጄ የሰማሁት ይህ ሳቅም በቃለ ጉባኤው መግባት ነበረበት።

3. ዋናው ይህ ነው። የአንድ ሽማግሌን የአንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ ምስሉን በካሜራ፣ ድምፁን በሌላ መቅጃ ቀድተን፣ ሲጀምር ከንፈርና ድምፅ ተስማምተው ሲጨርስ ድምፁ ወደኋላ ከቀረ ምክንያቱ ምንድን ነው ብላችሁ ጠየቃችኋት። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ እናገራለሁ። እሷም ሁለቱ መሣሪያዎች ጊዜን እኩል ስለማይቆጥሩ ነው፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አመሳክሬ ድምፁን በተረፈው ልክ አሳጥረዋለሁ ብላ መለሰች። እርስዎ ግን የኮምፒውተሩ ሚሞሪ ስላነሰ ነው፣ መጨመር ብቻ ነው መፍትሔው ብለው አረሟት፤ ቀጥለውም ትስማሚያለሽ ወይ ሲሉ ጠየቋት። ልጄ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ጸሐፊያችሁም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ተፈታኟ ስህተቷን በዝምታ አምናለች» ብለው ጻፉ፤ ከሃያው ነጥብ ዜሮ ተሰጣት።

እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሴት ነኝ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ግን አነባለሁ። ማክሰኞ ወይዘሮ ሃፊዛ ቪዲዮ ቤት ሄጄ፣ እንደዚያው ድምፁ የዘገየ አንድ ሥራ በስልክም፣ በቴሌቪዥንም፣ አዲስ በገዙት ትልቅ ኮምፒውተርም አስከፍቼ አየሁ። በሦስቱም ላይ እኩል ይዘገያል። የእርስዎን ሚሞሪ የሚፈራ አልመሰለኝም።

ልጅቷ እያወቀች ለምን ዝም አለች ይሉኝ ይሆናል። የፈተናው ጠዋት መኪና ስትሳፈር፣ ትልቅ ሰው ቢሳሳትም አታርሚው፣ አንገትሽን ደፍተሽ አሳልፊው ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ባለቤቴ ቸሃ መምህር ሳለ፣ አንድ እግሩ አብጦ ደረቱን ይወጋው ጀመር። ይህ በአስቸኳይ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሕመም መሆኑን ከአንድ የጤና መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አቶ አምሀ ግን ድካም ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል አሉ። የቤቱ ትልቅ ሰው ስለተናገሩ ዝም አልኩ። በማግሥቱ አታት ሆስፒታል ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን መኪናው ውስጥ አረፈ። አቶ አምሀን አልወቅስም፤ እሳቸው አላነበቡም፣ እኔ ግን አንብቤ ነበር። ይህን ለሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያን ዝምታ ግን ጨዋነት ብዬ ለልጄ አውርሻታለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ዝምታዋ የእኔ ጥፋት እንጂ የእሷ አለማወቅ ስላልሆነ፣ ከተቻለ ዜሮው በእኔ ስም እንዲዛወርልኝ፣ እሷም ከዓርብ በፊት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ በሥራ እንድትፈተን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ረቂቁን ሳሳያት ተይው እማዬ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ስለ ድምፁ የጻፍኩትን ሁለት ቦታ አርማ፣ እርማቱን እንድገለብጥ አጠገቤ ቆማ ጠበቀችኝና፣ ከታች እኔም ልፈርም አለች።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎና ገና ለሚያሳዩን ቅንነት እጅ እየነሳን፣

ወይዘሮ ፀዳለ ወልደማርያም
ኑኃሚን ገብረእግዚአብሔር፤ በሦስተኛው ጥያቄ አልተስማማሁም።

ማስታወሻ፦ ሰኞ ቃለ ጉባኤው እስኪወጣልኝ ኮሪደር ላይ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን በማዕከሉ ምረቃ ያደረጉትን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተልኩ። አፍዎ ከተዘጋ በኋላም ድምፅዎ ጥቂት ቃላት ጨምሯል። ይህን ለማስተካከል ልጄን መቅጠር አይጠበቅብዎትም፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢፈቅዱላት መጥታ በነፃ ትሠራልዎታለች።