እሑድ ዝግ ነን

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

እግሬ አብጧል። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዶሮ ጥብስ ቤታችን ሜቶዲስቶቹ ቀደሙ። እኩለ ቀን ሳይሆን መስኮት መስኮቱን ይዘው ዶሯቸውን ይግጡ ጀመር። የእኛዎቹ ባፕቲስቶች ከነከረባታቸው እየሮጡ ሲደርሱ የቀረው ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ብቻ። ዲያቆን ክላይድ ተናደዋል። «ፓስተራችን አንዴ 'በመጨረሻም' ካለ ቢጨርስ ምን ነበረበት!» አሉኝ።

የሳምንቱ ገበያ ግማሹ የእሑድ ነው። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ ስንት ጊዜዬ?...

አስተናጋጃችን ኦፓል ጠረጴዛ ስታነሳ ከሳህን ሥር ሃያ ዶላር አገኘች። ስትገልጠው ብር መሳይ የስብከት ወረቀት። «ከገንዘብ የሚበልጥ ስጦታ» ይላል።

«ቨርና፣ በዚህ ቲፕ ሦስቴ ድኛለሁ» አለች። «የቤት ኪራዬ ግን እስካሁን አልዳነም።»

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ባሌ ሃርላን ከወንዶች የጸሎት ጉባኤ ተመለሰ። ዓይኑ ያበራል። ፈራሁ... ባለፈው እንዲህ ሲያበራ ጀልባ ነበር የገዛው። አንድ የፍራሽ ነጋዴ መስክሮ ነው አሉ። እሑድ እሑድ ሱቁን ቢዘጋ ትርፉ እጥፍ ሆነ።

«እኛም እንዘጋለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ፍራሽ ልግዛ የሚል ማን አለ? ዶሮ ነው የሚያምራቸው!»

«እምነት ይኑርሽ፣ ቨርና።»

«እምነትስ አለኝ። ለኦፓል የምከፍለው ነው የሚጠፋው።»

አልሰማኝም። በሩ ላይ ለጠፈ፤ «እሑድ ዝግ ነን»። ባል አገባሁ ብዬ!

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ፓስተሩ ሃርላንን አስነሥቶ አስጨበጨበለት። ያለቀሰም አለ። ከዚያስ? ሁሉም መኪናውን አስነሥቶ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው የቻይና ቡፌ ነጎደ! ያለቀሱት ቀድመው። ፓስተሩም ከነሚስቱ።

እኛ ቤት ገብተን እንቁላል በላን።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

አሁንም ቡፌ። አሁንም እንቁላል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

የሌላው ቀን ገበያ ምንም አልጨመረም። ሃርላን ጠዋት ጠዋት ካሽ ማሽኑ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል። ማክሰኞ ደንበኛ እያየው። እንዲህ ከቀጠለ በወሩ መጨረሻ ኦፓልን ማሰናበታችን ነው። ልነግራት ስል እሷ ደግሞ እየሳቀች፣ «እሑድ ቤት ስውል ልጄን አየሁት። ረዝሟል እኮ!» አለችኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ስብከቱ አያልቅም! ዛሬ «በመጨረሻም» ሲል አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ አንኮራፉ። ለካ እስከ ዛሬ ፓስተሩን የሚያስቆመው የእኛ ጠረጴዛ ነበር! ቡፌው ሰፊ ነው፤ ከሜቶዲስት ጋር የሚያሽቀዳድም ነገር የለም። ምን አስቸኮለው?

ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሃርላን ጫማዬን አውልቆ እብጠቱ የጎደለ እግሬን ጭኑ ላይ አደረገው። «ቁርጭምጭሚት አለሽ ለካ» አለ። ሳቅን። መቼ ነበር እንዲህ የሳቅነው? ደስ አለኝ... ተናድጄ እንኳ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ዲያቆን ክላይድ መጡ። የፓስተሩ ሚስት ናዲንም አብራ።

«ወንድም ሃርላን፣ እሑድ ብትከፍት ምን ይመስልሃል? ጌታ የሚያየው ልብን ነው» አሉ ዲያቆኑ።

«አጨብጭባችሁልኝ የለም እንዴ!»

«ማጨብጨቡንስ አጨበጨብን። ሰውየው ግን አላቆም አለ! ምሳ ሳንበላ ይመሽብናል።»

ናዲን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእናንተ ይሻላል። እኔ ቤትም ይቀጥልብኛል» አለች።

ሃርላን አየኝ። ፊቱ ወድቋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ክፈት ስለው የከረምኩት እኔ ነኝ፤ እሺ ልል አፌን ከፈትኩ... በረንዳው ትዝ አለኝ። ኦፓልም።

«ቅዳሜ ልጥበስላችሁ» አልኩ። «ከፍላችሁ ውሰዱ። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ምድጃ ውስጥ ራሳችሁ አሙቁት።»

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ከመስበኪያው ሥር ነው። ይህን ማንም አላሰበም። ፓስተሩ ሁለተኛው ነጥብ ላይ እንዳለ የዶሮው ሽታ በማሞቂያው ቱቦ ወጣ። ሕዝቡ ተቁነጠነጠ። ፓስተሩ ምራቁን አንዴ ዋጥ አደረገ። ደገመው።

«ሦስተኛውን ነጥብ... ለሚቀጥለው እሑድ እናቆየውና እንጸልይ።»

ዲያቆን ክላይድ እንደ ዛሬ ጮኸው «አሜን» ብለው አያውቁም።

የትናንቱ ገበያ ከድሮው እሑድ በለጠ። ሜቶዲስቶቹም አዘዋል። ኦፓል የትም አትሄድም! ሃርላን ተነሥቶ እንደ ፍራሽ ነጋዴው መሰከረ፤ ጌታ ባረከን እያለ። ቀኑን ሙሉ ዘይት ሲፈናጠርብኝ የዋልኩት እኔ፣ በምስክርነቱ ስሜ እንኳ አልተነሣም። ልናደድ አልኩና... እሱ ባይዘጋው እኔ መች አስበው ነበር?

ከሰዓት ሃርላን በረንዳ ላይ ተኝቶ ሳለ ስልክ ጮኸ። የሜቶዲስቶቹ ፓስተር ናቸው። ዶሮ አልበቃቸውም፤ እንግዳ መጥቶባቸዋል።

«እህት ቨርና፣ ትንሽ ብቻ ጥበሽልን። እጥፍ እንከፍላለን።»

እጥፍ! ሃርላንን አየሁት። ያንኮራፋል። እግሬን አየሁት። አላበጠም።

«ይቅርታ፣ ፓስተር» አልኳቸው። «እሑድ ዝግ ነን።»