የዛኪር ሣር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ፈረቃችን ነው፤ ውሃ መጣች። በሳምንት አንዴ! ሮቶው ሳይሞላ ባሌ ዛኪር የውሃ ጎማውን ጎትቶ ወደ ሣሩ። በቀትር! በመርሳ ፀሐይ! «ሣሩ ጠምቶት እኮ ነው ፈይሩዝ» ይለኛል። ይህን ያህል ዘመን ስንኖር እኔን ጠማሽ ወይ ብሎ ያውቃል? ኤጭ! አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ግቢ አይቶ በአይሱዙ አስጭኖ ያመጣው ነው። ላም አትበላው፣ ሰው አይቀመጥበት። ቆሞ እያየው ፈገግ ሲል... ፈገግታው ራሱ ያንገፈግፈኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

እትዬ የሺእመቤት ባዶ ጄሪካን ይዘው መጡ። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ቧንቧቸው ከደረቀ ሰንብቷል። ኢሕሳንን ልወልድ ምጥ ሲይዘኝ፣ ዛኪር ወልድያ እያለ፣ ደግፈው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እሳቸው።

ዛኪር በሩን ገርበብ አድርጎ «ወላሂ ውሃ የለም እትዬ የሺ» አላቸው። ወላሂ! ጎማው ከኋላው ሣሩ ላይ እየፈሰሰ! እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል።

አዩት። «ይሁን ልጄ፤ እግርህን አድርቅ፣ ብርድ እንዳይመታህ» ብለው ሄዱ።

ከጁምዓ በተመለሰ አፉ! እኔስ? ማድቤት በር ላይ ቆሜ ዝም... ምላሴን ምን ያዘው?

እሁድ፣ ኅዳር 7

መንገድ ላይ ሰላም አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ሐቃቸው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ያ ሁሉ ውሃ ፈሶበትም ሣሩ ገረጣ። በየሳምንቱ እንደ ሰው ራስ ይላጨዋል፤ በየቀኑ ደግሞ ላይ ላዩን ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ዛሬ በንዴት አንዱን ነቀልኩት። ምንም ሳይታገል መጣ! ሥሩ ጣት አይሞላም። ከላይ እየጠጣ ለምን ብሎ ወደ ታች ይወርዳል?

ከሮቶው ጀርባ ግን ሰርዶ በቅሏል። የሚያጠጣው የለ፣ የሚያጭደው የለ፤ ለምለም። ጎተትኩት፣ ጎተትኩት... እጄን ቆረጠኝ እንጂ አልነቀል አለ። ዛኪር «አረም ነው፣ አጥፊው» ብሎኛል። አረሙስ ሌላ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። ውሃ ይዤ።

«ከሣሩ ተረፈ?» አሉኝ። ዋጥኩት፣ ይገባኛል። አፉ በሉኝ ስል እንባዬ መጣ። የሰርዶውን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። «ታዲያ ለሣር አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደው? መስኖው ዳር ስንቱ ተንጋሎ!»

ዛኪር ሸቀጥ ሊያመጣ ወልድያ ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት ሰርዶ ሞልተን መጣን። የደረቀ የደረቀው ቦታ ላይ እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ተከሉት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ሰርዶው ያዘ። ዛኪር የሱ ሣር ያገገመ መስሎታል፤ ይምሰለው። ጎማውን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩና ተቀደደ አልኩት። ዋሸሁ። ወላሂ ግን አላልኩም።

አሁን በሳምንት አንዴ ብቻ፣ በማለዳ፣ እስኪጠግብ አጠጣዋለሁ። የሩዝ እጣቢም ለሱ። የውዱእ ማንቆርቆሪያውን ከሲሚንቶው አንስቼ ሣሩ ዳር አኖርኩት። ዛኪር ሲያጉረመርም «ሲሚንቶው ይበቅልልህ ይመስል!» አልኩት። የሣር ማጨጃ ማሽኑንም የኤሌክትሪክ ገመድ ደበቅኩበት። ይፈልግ።

እሁድ፣ ጥር 24

ታናሽ ወንድሙ አብዱልሐሊም ከወልድያ መጣ። «ማሻ አላህ! ምን ዓይነት ሣር ነው?» ዛኪር ደረቱን ነፋ። «ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት! ዋናው እንክብካቤ ነው።» ኡፍ!

ይሄኔ እትዬ የሺ ጄሪካናቸውን ይዘው ገቡ። እስከ ዛሬ ውሃ ሊቀዱ የሚመጡት ዛኪር ሱቅ ሲሆን ነበር። ዛኪር ከተቀመጠበት «እትዬ የሺ፣ በዳር በዳር! ሣሩን እንዳይረግጡት» አላቸው።

ቆሙ። «የቱን? እኔ የተከልኩትን ሰርዶ?»

አብዱልሐሊም ጎንበስ ብሎ ነካካው። «እውነትም ሰርዶ እኮ ነው ዛኪር!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው።

ዛኪር እኔን አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። «እሳቸው ናቸው የተከሉት፤ ወላሂ ውሃ የለም ካልካቸው በኋላ» አልኩት። በወንድሙ ፊት።

አንገቱን ደፋ። ተነሳና ጄሪካናቸውን ተቀብሎ ከሮቶው ሞላው። ልዋሽ አልችልም፣ ሳየው አሁንም ትንሽ ያንገፈግፈኛል።

እትዬ የሺ ሲወጡ በዳር አልሄዱም። በሣሩ መሀል፣ ከነጫማቸው። ዛኪርም ጄሪካኑን ተሸክሞ ተከተላቸው።