ረቡዕን የቀማችን ሴትዮ

ረቡዕ፣ ጥር 6። ማታ 1 ሰዓት

የጆሮ መሸፈኛ ቦርሳ ውስጥ። ቅያሪ ልብስ። ብስኩት፣ ያው ልጄ የለመደችው፣ ሌላ አትበላም። ከካሳራኒ ሙዚቃ ያልከፈተ ማታቱ ታክሲ እስኪመጣ ሦስቱን አሳለፍን። እንደ ሁልጊዜው ረቡዕ። እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ሁሉም ደህና ነበር፣ ደብተሬ።

የሆነውን ልጻፍልሽ።

እዚህ ናይሮቢ በሩንዳ ሰፈር በኩል ያለውን አትክልት ቦታ ታውቂዋለሽ፣ ስንቴ ጽፌብሻለሁ። ከልጄ ከናርዶስ ት/ቤት አራት እናቶች ነን። ረቡዕ ጠዋት ሰው ስለማይበዛ ልጆቻችንን እዚያ እንወስዳለን። ድምፅ ያማቸዋል። መነካት ያማቸዋል። የኔዋ፣ ና.፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አትናገርም። በሳምንት ውስጥ መሸፈኛዋን ራሷ የምታወልቀው እዚያ ብቻ ነው። ቀርከሃው ሥር ጋደም ብላ ቅጠሉን ታዳምጣለች። እኔም አንድ ሰዓት እንደ ሰው እተነፍሳለሁ።

ዛሬ ወ/ሮ ትርሲት መጣች። ሠርግ አስዋቢዋ፣ ከቤ/ክ በዓይን የማውቃት። የሰው ሙሽሮች ይዛ፣ ለቅድመ ሠርግ ፎቶ። ከበሮ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ስምንት ሚዜ። ና. ጆሮዋን ይዛ ተዘረረች፣ ጮኸች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ከመጠበቅ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ጸበል። በስመአብ ብላ ፊቷ ላይ ረጨችባት።

ለና. ጠብታ ማለት መርፌ ነው። እጇን ነከሰቻት። ደማ። እሰይ።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። ርኩስ መንፈስ ያለባትን ልጅ ሰው መሀል ይዘሽ ትዞሪያለሽ ወይ አለችኝ። ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። እሷ ደንበኛ፣ እኛ ማን ነን? ከዛሬ ጀምሮ አራቱም ልጆች አይገቡም ተባለ። አራቱም። ዘበኛው ኦቲኖ በሩን ሲዘጋ ዓይኔን ሳያይ ፖሌ ማማ፣ አዝናለሁ እናቴ፣ አለኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መዝግቢልኝ።

ዓርብ፣ ጥር 8። ጠዋት

ና. ትናንትም ዛሬም ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። ትራስ ይዤ መሀል እገባለሁ። ሌላ ቦታ እንፈልግ ይላሉ እናቶቹ። የት? ከተማው መሀል ያለው መናፈሻ ጥሩምባና ሻጭ ነው። ጫካው ቅዳሜ እሑድ ብስክሌት፣ ሌላው ቀን ውሻ። ያቺ ቀርከሃ እስክትገኝ ሁለት ዓመት ዞረናል።

ባለቤቴ ከሞያሌ ደወለ። ለእግዜር ተይው አለኝ። እግዜር ሥራ ይበዛበታል፣ ይቺን እኔው እይዛታለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ና.ን ጎረቤት ጋ ትቼ ቤ/ክ ሄድኩ። እሷም አለች፣ ነጭ በነጭ፣ እጇ ላይ ፋሻ። ምን ሆንሽ ሲሏት ውሻ ነከሰኝ ትላለች። በጆሮዬ ሰማሁ። ልጄን ውሻ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ዛሬ ስስል ነው የዋልኩት።

ግን ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ልጇ ቤዛ ቅዳሜ ታገባለች። አንድ ልጄ፣ አንድያዬ እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ሹሩባዋን የምትሠራው ደግሞ ረቡዕ፣ ኢስትሊ፣ እኔ የምሠራበት ጸጉር ቤት! የቤቱ ባለቤት ናት የነገረችኝ። ትርሲት ሠሪዋ እኔ መሆኔን አታውቅም። አጥብቄ፣ አጥብቄ ነው የምሠራላት። ግንባሯ እስኪወጠር። ቅዳሜ ለፎቶ ፈገግ ማለት እስኪያቅታት። እናትየዋ የደገሰችበት ቀን በራስ ምታት ያልፋል። አንጀቴ ከወዲሁ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ፣ ጥር 13። ማታ

በእርጋታ ልጻፍ።

ና.ን የሚይዝልኝ የለም። ረቡዕ ነው፣ አትክልት ቦታ የለም። ጸጉር ቤት ይዣት ሄድኩ። መሸፈኛዋን አድርጋ ጠረጴዛ ሥር። የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ይጮሃል፣ ፎኑ ይጮሃል። እኔ ቤዛን ይዣለሁ። ሁለት መስመር ጨርሻለሁ፣ እንዳሰብኩት፣ ጥብቅ። የልጅቷ ዓይን እንባ አቅርሯል።

ና. ጠረጴዛ ሥር መጮህ ስትጀምር ቤዛ ድንገት ብድግ አለች። ፎኑን አጥፉልኝ አለች፣ ካስኩንም። እዚሁ ናይሮቢ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ከና. ራቅ ብላ። አላየቻትም። አልነካቻትም። ሻርፗን አጣጥፋ መሀላቸው አስቀመጠችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ና. የሻርፑን ጫፍ ያዘች።

ይህን ማንም ዝም ብሎ አያውቀውም። ከየት ተማርሽው አልኳት። «ማይ ሲስተር እንደዚህ ናት» አለችኝ። ከአፏ አመለጣት።

ታላቅ እህት አለቻት። ሕሊና። ሃያ ሰባት ዓመቷ። ሩንዳ፣ ከእናቷ ግቢ ጀርባ ክፍል ውስጥ፣ ከሠራተኛ ጋር። ከግቢ ሳትወጣ አሥራ አንድ ዓመቷ። ትንሽ ሳለች እናትየዋ በየጠዋቱ ጸበል ትረጭባት ነበር፣ ይሻላታል ብላ። አሁን የውሃ ጠርሙስ ካየች አልጋ ሥር ትገባለች። ጸጉሯን ቤዛ ናት የምትቆርጥላት፣ ስትተኛ ጠብቃ። ሠርጌ ላይ ባየኋት ብላ አለቀሰች። ለማንም እንዳትነግሪ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሁለቱን መስመር ፈትቼ አላልቼ ሠራሁት። ለቤዛ ብዬ እንጂ ለእናቷ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥር 14። ከሰዓት

አንድያዬ ትላለች። አንድያዬ!

ልጅሽን ደብቀሽ የኔን ልጅ ከደጅ ታባሪያለሽ። ደሜ ፈልቶ ሥራ አልሠራሁም። ቅዳሜ ድግሱ መሀል ተነሥቼ ትልቋስ የት አለች ብል? ያ ሁሉ ሰው ባለበት። ፊቷን ለማየት ስንት በከፈልኩ። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ፣ ጣፈጠኝ።

ከዚያ ና. ራሷን መታች። ጆሮዋ ጋ ቆሰለች። ትርሲት ብትዋረድ በሩ ይከፈታል? አይከፈትም። ውርደቷን ና. ምን ታደርገዋለች?

ዓርብ፣ ጥር 15። ጠዋት 5 ሰዓት

ቁጥሯን ከጸጉር ቤቱ ባለቤት ወስጄ ትርሲት ጋ ደወልኩ። የነከሰችሽ ልጅ እናት ነኝ አልኩ። ልትዘጋው ስትል ሕሊና አልኳት። አልዘጋችውም።

ለቤዛ የገባሁትን ቃል በላሁ። ይቆጨኛል፣ ግን ቀኑ ተመልሶ ቢመጣም እበላዋለሁ።

እንዲህ አልኳት፤ ረቡዕ፣ ጥር 20፣ ጠዋት አራት ሰዓት። አትክልት ቦታው በር ላይ። ሕሊናን በራስሽ እጅ ይዘሽ ትመጪያለሽ፣ ሠራተኛ አትልኪም። ሱፐርቫይዘሩን ጠርተሽ የከሰስኩት በስህተት ነው፣ የኔም ልጅ ከነሱ አንዷ ናት ትይዋለሽ። ከዚያ እኛ ጋ ትቀመጫለሽ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ። ዛሬ እሺ ካላልሽኝ ነገ ድግስሽ ላይ ማይክ እይዛለሁ።

ሰው ያየኛል አለች። እኛንም ያየናል አልኳት። ሠርጉ ይለፍ አለች። ለዚህ ነው ረቡዕ ያልኩሽ አልኳት። ሰደበችኝ፣ ሰደብኳት። አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስኩም። ለቅሶዋን አዳመጥኩ፣ እውነቱን ልንገርሽ ደብተሬ፣ ደስ እያለኝ።

መጨረሻ ላይ ድምፅዋ አነሰ። ልጅሽን መኪና ውስጥ እንዴት ነው የምታስገቢያት አለችኝ። የኔዋ ሞተር ስትሰማ ትወድቃለች፣ ሞክሬ ነው የተውኩት፣ አላወቅኩበትም አለች።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ግን ነገርኳት። ሞተሩን አጥፊ። በሩን ክፈቺ። አትጎትቻት፣ አትጥሪያት። አንቺ ቀድመሽ ግቢና ተቀመጭ፣ ወደሷ አትዪ። ራሷ እስክትገባ ጠብቂ። ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከነገ ወዲያ ጀምረሽ በየቀኑ አለማምጃት። ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሺ።

ቆይ ልጻፈው አለችኝ። እስክሪብቶ ፈልጋ እስክትመጣ ጠበቅኳት፤ ከሞተሩ ጀምሬ ደገምኩላት። ይቅር ግን አላልኳትም።