ያልተረጋገጠው ስብራት

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? እማዬ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ ትራሷ ሥር መደበቁን አልተወችም? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በመንፈስም ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ እንቅልፍ ካጣሁ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።

እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ሆነ» እያለች እንደምታወራ ሰምቻለሁ። እኔ መርፌ ሳይ ዓይኔን የምጨፍን ሰው እንደሆንኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ሥራዬ ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ሐኪሞች የጻፉትን እያነበብኩ ለእያንዳንዱ ሕመም ኮድ መስጠት ነው። የእኔ ጠረጴዛ የራስ ቅልና የፊት አጥንት ስብራት የሚመጣበት ነው። አፍንጫ የራሱ ኮድ አለው፣ ጉንጭም፣ መንጋጋም፣ አንጎልን የሚሸከመው የራስ ቅል ወለልም እንዲሁ። አንድ አሃዝ ከተሳሳትሽ የሰውየውን ጉዳት ከፊቱ አንስተሽ ጭንቅላቱ ውስጥ አስቀመጥሽው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን የምንማረው አንድ ደንብ አለን። ሐኪሙ «ይጠረጠራል» ላለው ነገር ኮድ አትሰጪም፤ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ጉድ በይ!

ባለፈው ወር ሁለት የመጋዘን ወዛደሮች ተጣልተው አንደኛው ሌላውን በቡጢ መታው። የተመታው ሰውዬ አፍንጫው ደምቶ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጠቁሮ መጣ። ሐኪሙ «የአፍንጫ አጥንት ስብራት፤ የራስ ቅል ወለል ስብራት ይጠረጠራል፤ ሲቲ ስካን ይነሳ» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን የበሽተኛ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ ነበር፤ አለቃዬም ከኋላዬ ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ!» ይለኛል። ለሁለቱም ኮድ ሰጠሁና አሳለፍኩት። ከኮዶቹ የወጣውን የሕክምና ማጠቃለያ ፖሊስ ጠይቆ ወሰደው። መቺው የራስ ቅል ሰብሯል ተብሎ በከባድ የአካል ጉዳት ተከሶ ዋስትና ተከለከለ።

ባለፈው ረቡዕ የተመታውን ሰውዬ ዘግይቶ የመጣ የሲቲ ስካን ውጤት ከካርዱ ጋር ላያይዘው ስል ዓይኔ አረፈበት። የራስ ቅሉ ወለል ምንም አልሆነም። ውጤቱን ይዤ ተነሳሁ። ለአለቃዬ ብነግረው «ፋይሉ ተዘግቷል፣ አንተ ምን አገባህ? ኮንትራትህ እኮ በወሩ መጨረሻ ያበቃል» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የእሱ ፊርማም ከእኔ ሥር ስላለ ነው። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ አራት ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

የተከሳሹ ሚስት ግን መስኮታችን ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር አልጠፋችም። «ወረቀቱን እንደገና እዩልኝ» ነው የምትለው፣ ሌላ ቃል የላትም። ጓደኞቼ ቀና እንኳ ሳይሉ «ፍርድ ቤት ሂጂ» ይሏታል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። እንደዚያ በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት የኮድ ስህተት ማረሚያ ቅጹን ሞልቼ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ሲያምባርቅ ኮሪደሩ የሚሰማው ሰውዬ ነው። አነበበና «እኔ ጠረጠርኩ፣ አንተ አረጋገጥክ» ብቻ ብሎ ፈረመ። አለመጮሁ የባሰ አመመኝ። አለቃዬ ግን አልፈርምም አለ፤ ያለ እሱ ፊርማ ደግሞ ቅጹ ከመሥሪያ ቤቱ አይወጣም።

ወጥቼ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጥኩና ወረቀቱ ላይ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ሐሙስ ቀጠሮ አለው፤ መጥተህ ለዳኛው ይህንኑ ትላለህ?» አለችኝ። እላለሁ አልኳት።

እታለም፣ ፈርቻለሁ። ሥራዬ እንደማይተርፍልኝ አውቃለሁ፤ ካባረሩኝ መምጫዬ እናንተው ጋ ነውና ጓዳውን አስለቅቂልኝ። ለእማዬ ለጊዜው ትንፍሽ እንዳትዪ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባልሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉን ይታከም፣ ዝም ብሎ አይጀግን። ትልቋን ለፈተናው በርቺ ብሎሻል በያት። ከትንሿ ወሬኛ ግን ይህን ደብዳቤ ደብቂው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛው ፊት እቆማለሁ። እባክሽ በዚያች ሰዓት የያዝሽውን ሥራ አስቀምጪና አስቢኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከካርድ ክፍል፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን