አንድ ጣት ከፍ ያለ ኮሌታ

እትዬ፣ ባሉበት ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። እኛ ደህና ነን፤ ስፌት መኪናዬም እንደ እኔ እያጉረመረመች ትሠራለች።

ነርሷ ልጄም ደህና ናት። ሆስፒታሉ ሠራተኛው የሃይማኖት ምልክት አድርጎ እንዳይታይ ስለከለከለ፣ የአባቷን መስቀል እንዲሸፍንላት የዩኒፎርሟን ኮሌታ አንድ ጣት ከፍ አደረግሁላት። ይኸው በዚህ ሙቀት እስከ ላይ ቆልፋ ትውላለች። ጓደኞቿም አይተው የየራሳቸውን አመጡልኝ፤ ሰባት ሰፋሁ።

ትናንት የሆስፒታሉ ፈታሽ ሱቄ ገብቶ፣ የተሰቀለውን ዩኒፎርም ኮሌታ በጣቱ ለካና «እማማ፣ የእርስዎ ስፌት የትም ያስታውቃል» አለኝ። ሙያዬን ማድነቁ ነው መቼም።

ዛሬ ልጄ ከሥራ ቆየች፤ ስልኳም አይነሳም። መንገድ ተዘጋግቶባት ይሆናል።

ዕድሜ ይስጥልኝ እትዬ። ጽሕፈቴ ስለተንጋደደ ይቅር ይበሉኝ፤ ብርዱ ነው።